ያልተቆረጠው መጽሐፍ

ከቦስተን ወደ ሰሜን ባለው የባሕር ዳር አገራችን ፒዩሪታን የተባሉት ጥብቅ ፕሮቴስታንት አባቶቻችን የጻፉትን መጽሐፍ የሚሰበስብ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ጥሩ ዳቦ የማይጋገርበት ከተማ አለ፤ ዓሣ የማይሸጥበትም አይቼ አውቃለሁ። ቀለሙ የተላላጠ፣ በመስኮቱ ከመጋረጃ ይልቅ የመጻሕፍት ጀርባ የሚታይበት ቤት ግን የትም አይታጣም። ክረምታችን ረጅም ነው፣ ምድር ቤታችን እርጥብ ነው፣ ቅድመ አያቶቻችንም ጽፈው የማይጠግቡ ሰዎች ነበሩ፤ የመሰብሰብ በሽታው የመጣው ከዚያ ይመስለኛል።

የእኛ ከተማ በሽተኛ ክቡር ሚስተር ኦሪን ተርሎ ናቸው። "ክቡር" የምላቸው እኔ ብቻ ነኝ፤ ሌላው ሰው "ተርሎ መጣ፣ መንገድ ልቀቁ" ነው የሚለው። ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቤቱ እየዞሩ የመብራት ቆጣሪ ሲያነቡ ኖረው ጡረታ ወጡ። አፈ ክፉ ጎረቤቶች ከቆጣሪ ሌላ ምንም አንብበው አያውቁም ይላሉ።

እኔ በየዓመቱ ሐምሌ ላይ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ለከተማው ቤተ መጻሕፍት መርጃ በሚደረገው የአሮጌ መጻሕፍት ሽያጭ የታሪክ መጻሕፍቱን ጠረጴዛ እይዛለሁ። ገና በሩ ሳይከፈት ነጋዴውም ሰብሳቢውም ይሰለፋል፤ ከሁሉም ፊት ታጣፊ ወንበር ዘርግተው የሚቀመጡት ግን ክቡርነታቸው ናቸው። ደረጃ በወጡ ቁጥር "ኧረ ጉልበቴን" የሚሉት ሰውዬ በሩ ሲከፈት ሚዳቋ ይሆናሉ። የዝናብ ካፖርታቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ ጣል ያደርጋሉ። በእኛ ሽያጭ ደግሞ ካፖርት ያረፈበት መጽሐፍ የካፖርቱ ባለቤት ንብረት ነው፤ ማን እንደደነገገው ባላውቅም ሕጉን የሚጥስ የለም።

"ሚስተር ተርሎ፣ ከካፖርቱ ሥር እኮ የወጥ ቤት መጽሐፍም አለ።"

"ይቆይ። ምን እንደሚወጣው አይታወቅም።"

"ይኼኛውን ደግሞ አምና ከእኔው ወስደዋል።"

"አለኝ፤ ግን የእኔው ጤናው ልክ አይደለም።"

ይህ የመጀመሪያው መፈክራቸው ነው። ጤናው ልክ ያልሆነ መጽሐፍ ማለት ጀርባው የላላ፣ በእርሳስ የተጻፈበት፣ ይባስ ብሎም ሰው ያነበበው ነው። ሁለተኛው መፈክር የሚወጣው አንድ የዋህ ሰው "ይኼን ሁሉ ያነቡታል?" ብሎ የጠየቃቸው እንደሆነ ነው። "ለማንበብማ ቤተ መጻሕፍት አለ!" ይላሉ ቆጣ ብለው።

ፒዩሪታኖች የገና በዓል እንዳይከበር ከልክለው ስለነበር ሚስተር ተርሎ ለማንም የገና ስጦታ ገዝተው አያውቁም። "የአባቶቻችን ሥርዓት ነው" ይላሉ ዓይናቸውን በጨው አጥበው። የራሳቸው ልደት ሲቃረብ ግን አባቶቻችንን የሚያነሳ የለም፤ የሚፈልጉትን መጽሐፍ ስም ለእኅታቸው ቀደም ብለው ሹክ ይላሉ።

እኅታቸው ሚስ ታቢታ ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ነበሩ። ሁለቱም ሳያገቡ በወላጆቻቸው ቤት አብረው አረጁ። ሚስተር ተርሎ የገዙትን መጽሐፍ በአስቤዛ ከረጢት ከድንቹ ሥር ደብቀው ያስገቡ ነበር።

"ኦሪን፣ ይሄ ድንች የወርቅ ጽሑፍ አለው እንዴ?"

"የቱ?"

"ይሄ ወፍራሙ። ስቀቅለው ወርቁ ይለቃል ወይስ አይለቅም?"

የምግብ ጠረጴዛውን መጻሕፍቱ ከወረሱት ቆይተዋል። የቅዳሜ ማታ ቦሎቄያቸውን ሁለቱም ሳህን ይዘው መስኮቱ ሥር ቆመው ነበር የሚበሉት። ሚስ ታቢታ ራሳቸው እንደፈለጉ ያሾፉ እንጂ ሌላ ሰው ወንድማቸውን በነገር ሲወጋ አይወዱም። "ጠረጴዛውን ሙላበት ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጥረጉ ሰልችቶኝ" ይላሉ ኮስተር ብለው። በከተማው ውስጥ ይህን ያመነ ሰው አላውቅም።

ሚስ ታቢታ ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ የፈለጉት አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ልጆች ሳሉ አያታቸው የነገሯቸው ታሪክ አለ። በፒዩሪታኖቹ ዘመን ከዘራቸው አንዲት ሜርሲ ተርሎ የምትባል ልጃገረድ ስብከት መሐል ሳቀች ተብላ ተከሰሰች። የዚያን ጊዜ ያጠፋ ሰው በጉባኤው ፊት ቆሞ ነበር ጥፋቱን የሚናገረው። ሜርሲም ተነሥታ አንድ ነገር መለሰች። ምን ብላ? አያት ረስተውታል። "ጥሩ መልስ እንደነበር ብቻ ትዝ ይለኛል" እንዳሉ ሞቱ። ሚስ ታቢታ ከዚያ ወዲህ ሳህን እያጠቡም ቢሆን ድንገት ቆም ይሉና "ምን ብላ ይሆን?" ይሉ ነበር።

አንድ መከር ላይ ሚስተር ተርሎ ከአንድ ሟች ሐኪም የንብረት ጨረታ የቤተ ክርስቲያናችንን የጥንት መዝገብ ይዘው መጡ፤ ከመቶ ዓመት በፊት በጥቂት ቅጂ የታተመ መጽሐፍ ነው። ያን ቀን ከድንች ሥር አልደበቁትም። እኔ ወጥ ቤት ከሚስ ታቢታ ጋር ሻይ እየጠጣሁ ነበር፤ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው ይዘው በፊት በር ገቡ። መጨረሻው ላይ ያለው ማውጫ "ተርሎ ሜርሲ፣ ስለ ሳቋ የሰጠችው መልስ" ይላል፣ ከነገጽ ቁጥሩ። ሚስ ታቢታ መነጽራቸውን ፍለጋ ተነሡ።

ገጹ ግን አልተቆረጠም። የድሮ ማተሚያ ቤት ሰፊውን ወረቀት አጣጥፎ ይሰፋዋል እንጂ እጥፉን አይቆርጥም ነበር፤ ገዢው ነው በቢላ እየከፈተ የሚያነበው። ከዚህ መጽሐፍ ከማውጫው በቀር ሌላውን ገጽ ማንም አልከፈተውም። ለእኔና ለእናንተ ይህ ማለት ሰው ያላነበበው መጽሐፍ ማለት ነው። ለሰብሳቢ ግን ከዚያ የበለጠ ጤና የለም።

"ቢላ ላምጣ?" አሉ ሚስ ታቢታ።

ሚስተር ተርሎ መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። "ታቢታ! መቶ ዓመት ማንም ሳይነካው የኖረ መጽሐፍ ነው እኮ! እኔ ልንካው?"

"እኔ እነካዋለሁ። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።"

"የተቆረጠ ቅጂ እፈልግልሻለሁ። ለማንበብማ..."

"ቤተ መጻሕፍት አለ። አውቃለሁ።"

ቀጥሎ የሆነውን በዓይኔ ባላይ አላምንም ነበር። ሚስተር ተርሎ የታጠፈውን ወረቀት በጣታቸው ቀስ አድርገው እንደ ቧንቧ ከፈት አደረጉት፣ በእጅ ባትሪ አበሩበት፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በቀዳዳው አጮለቁ።

"አየሁ! 'ሜርሲ ተርሎ ተነሥታ እንዲህ አለች' ይላል!"

"እሺ? ምን አለች?"

"ሌላው... እጥፉ ውስጥ ገብቷል።"

ሚስ ታቢታ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ሚስተር ተርሎም ባትሪውን እንደያዙ ሳቁ። ቢላው አጠገባችን ቅቤው ላይ ተሰክቶ ነበር።

ፍትሕ አላጓድልም፤ ቃላቸውን አልበሉም። ዕድሜ ልካቸውን ንጹሕ ቅጂ ሲያሳድዱ የኖሩት ሰው የተበላሸ ቅጂ ፍለጋ ወጡ። "ፊቢ፣ የተቆረጠ የለሽም? አይጥ የበላውም ቢሆን?" ይሉኝ ጀመር። በቦስተን ትልቁ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቅጂ አለ። እዚያ ሄደው ሊገለብጡት ስንት ጊዜ ባቡር ተሳፈሩ። ግን ከባቡር ጣቢያው ወደ ቤተ መጻሕፍቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ አለ። ከሱቁ ሲወጡ ከረጢታቸው ሞልቷል፣ ቤተ መጻሕፍቱም ተዘግቷል።

"እኔ ሄጄ ልገልብጥልዎት" ብላቸው ሚስ ታቢታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"አይ ፊቢ። እሱንማ ማንም ያደርግልኛል። እኔ የምፈልገው ኦሪን ቆርጦ እንዲያነብልኝ ነው።"

"ታዲያ ይንገሯቸዋ!"

"ለምኜው ከቆረጠውማ ምን ዋጋ አለው?"

በቤተ ክርስቲያን እራት ላይ አንዷ "ለእኅቱ አንዲት ገጽ የማይቆርጥ ሰው!" ብላ አሽሙር ስትጀምር ሚስ ታቢታ ሹካቸውን አስቀመጡ። "አትቁረጥ ያልኩት እኔ ነኝ። መጽሐፉ ይረክሳል ብዬ" አሉ። ሚስተር ተርሎ ሳህናቸው ላይ አቀርቅረው መብላታቸውን ቀጠሉ።

የየካቲት በረዶ መስኮቱ ድረስ ተከምሮ ሳለ ሚስ ታቢታን ሳንባ ምች ያዛቸው። ሳምንት እንኳን አልሞላቸውም፣ ዐረፉ።

ከቀብሩ በኋላ ዳቦ ይዤላቸው ሄድኩ። ሚስተር ተርሎ እንደ ልማዳቸው መስኮቱ ሥር ቆመው ነበር፤ ሳህን ግን አልያዙም። መጽሐፉን አንሥተው ቅቤ ላይ የነበረውን ቢላ ሳይጠርጉት እጥፉ ውስጥ አስገቡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ወረቀቱን ከመቁረጥ ይልቅ ቀደዱት፤ ጠርዙም በቅቤ ወዛ። ከዚያ ወደ ሚስ ታቢታ ወንበር ዞረው ጆሮው ለደከመ ሰው እንደሚነበብ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ።

"ሜርሲ ተርሎ ተነሥታ እንዲህ አለች፦ ሳቁ የራሴ ነው። ያሳቀኝ የለም። ወንድሜን አትጠይቁት።"

ከሥሩ የጉባኤው ጸሐፊ አንድ ነገር ጨምሯል፤ እሱንም አነበቡት። "ወንድሟ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር፤ ፊቱም እጅግ ቀልቶ ነበር።"

መጽሐፉን ከፍተው እንደያዙ ወደ ጠረጴዛው ዞሩ።

"ጠረጴዛውን ሙላበት ያልኩት እኔ ነኝ ትል ነበር አይደል?" አሉ በመጨረሻ።

"አዎ፣ ይሉ ነበር።"

"ማንም አላመናትም?"

"ማንም።"

"በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳን 'አይ፣ እኔ ነኝ' አላልኩም፣ ፊቢ።" ከዚያ በእኅታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እኔም ዳቦውን አጠገባቸው አስቀመጥኩላቸው።

በሐምሌው ሽያጭ ታጣፊው ወንበር እንደ ወትሮው ከሰልፉ ፊት ነበር። ሚስተር ተርሎ መጽሐፉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ከቦስተን የመጣ አንድ ነጋዴ ገና ከሩቅ አወቀው።

"ሚስተር ተርሎ! ያ ያልተቆረጠው አይደለም እንዴ? ምነው ቢሸጡልኝ! ጤናው እንዴት ነው?"

"ተቆርጧል። ቅቤም ነክቶታል።"

"ወይ ጉድ! እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ቅቤ?"

"ያኔውኑ ነበር ሊነካው የሚገባው" አሉ ሚስተር ተርሎ፣ ነጋዴውን ሳያዩት።

በሩ ተከፈተ። ጉልበታቸውም እንደ ድሮው ዳነና ካፖርታቸው መጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ወደቀ፤ የወጥ ቤቱም፣ የአትክልቱም፣ የታሪኩም መጽሐፍ ተሸፈነ። ነጋዴው ከኋላቸው ደርሶ ጮኸ። "ኧረ ይኼ ምን ዓይነት ነገር ነው! ግማሹን ጠረጴዛ እኮ ነው የሸፈኑት! ማን ፈቀደላቸው?"

እኔ የካፖርቱን እጅጌ ሳብ አድርጌ ሁለት ተጨማሪ መጻሕፍት ሸፈንኩበት።

"ይጣሉበት ያልኳቸው እኔ ነኝ" አልኩት። ያመነኝ አይመስለኝም።