እናቴ ጠበል ያጠጣችው ኢንዲካ

ዛሬ በጽዋ ማኅበር ፊት ራሴን ያዋረድኩትን ያህል ጠላቴ እንኳን አያዋርደኝም! ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ።

ሥራ ከለቀቅኩ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሰው ጂም ይገባል፣ ሰው ቴራፒ ይጀምራል። እኔስ? ኦንላይን ገብቼ የኢንዲካ ካናቢስ ዘር ኦርደር አደረግኩ።

አዎ፣ ያው የምታስቡት ነው። ሕገ ወጥ መሆኑን አውቃለሁ፣ ኮሜንት ላይ አትንገሩኝ!

ግን ተራ ዘር እንዳይመስላችሁ። ከሂንዱ ኩሽ ተራሮች የመጣ፣ ከምንም ያልተዳቀለ የድሮ ዘር ነው። አጭር፣ ደንዳና፣ ቅጠሉ እንደ መዳፍ ሰፊ። እንደ ሌሎቹ ወደ ኮርኒስ አይመዘዝም፣ ቶሎ ያብባል፣ ብርድ ሲነካው ደግሞ ሐምራዊ ይሆናል። ብርዱን ይችለዋል፣ እርጥበት ግን ጠላቱ ነው።

እኛ ደግሞ የምንኖረው ለንደን ብሪክስተን፣ ግድግዳው የሚያለቅስ የካውንስል ፍላት፣ የቀበሌ ቤት በሉት፣ ውስጥ!

ስለዚህ ተንከባከብኩት። ቅጠሉን እየገለበጥኩ ሻጋታ ቼክ አደርጋለሁ፣ አዋራዋለሁ፣ አሞግሰዋለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሕይወቴ ጀምሬ ያልተውኩት ነገር እሱ ብቻ ነው። ዩኒቨርሲቲውን አቋርጫለሁ፣ ሥራውን ለቅቄያለሁ፣ መንጃ ፈቃዱን እንኳን የቴዎሪ ፈተናውን አልፌ ተውኩት።

አንድ ቀን እናቴ ክፍሌ ገባች።

«ምንድነው ይሄ?»

«የአፍጋኒስታን ጤና አዳም ነው እማ።»

ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። አፌ ነው!

ጠጋ ብላ አሸተተችው። «ጤና አዳም እንዲህ አይሸትም።»

«ውጭ አገር ምን የማይለወጥ አለ እማ» አልኳት።

አመነችኝ። ይቺ ሴት ከታች ያሉት ልጆች ሲያጨሱ መስኮቷን ጠርቅማ ለካውንስል ኮምፕሌይን የምታደርግ ሴት ናት! ግን ያልኳት እኔ ልጇ ነኝና አመነችኝ።

እንግዲህ ዛሬ ማኅበሩ የኛ ተራ ነበር። ሳሎኑ ሞልቷል። ከኩሽና ዳቦውን ተሸክሜ ስገባ ምን ባይ ጥሩ ነው? የኔው ተክል ቲቪው አጠገብ ቆሟል፣ ፖቱ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎለት!

«ልጄ ናት ከዘር ያበቀለችው!» ትላለች እናቴ። «የጀመረችውን ጨረሰች! አባ፣ ይባርኩልኝ።»

አባ የንስሐ አባታችን ናቸው። በአዘቦት ቀን ደግሞ ዋይት ሲቲ የካውንስል ሕንጻ ኬርቴከር ናቸው። ሲያጸዱ በየደረጃው ምን ምን እንደሚሸት ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ጠበሉን ሊረጩ እጃቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ተክሉን አዩ። እኔን አዩ። ደግመው ተክሉን አዩ።

«ይሄ ምንድነው ልጄ?»

«ጤና አዳም ነው አባ!» ቀድማኝ እናቴ።

«እንዲያ ነው?» አሉና እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። እኔን ብቻ ነው የሚያዩት። እኔ ደግሞ ምንጣፉን።

ዝም ካልኩ ያልፋል ብዬ ነበር እኮ! እማማ ዘነቡ ባይናገሩ ኖሮ። ባተርሲ፣ የአረጋውያን ፍላት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የእናቴ ወዳጅ ናቸው።

«የኔም እኮ ጸደቀ!» አሉ ደስ ብሏቸው።

የርስዎም?!

እናቴ ለካ ቅርንጫፍ ቆርጣ ሰጥታቸዋለች። የኛ እናቶች ያማረ ተክል ካላቸው ወዳጅ ሁሉ ድርሻ አለው፣ ይሄን እንዴት እረሳለሁ?

«መስኮቱ ላይ አደረግኩት፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያየዋል። ነገ የሃውሲንግ ሰዎች ለኢንስፔክሽን ይመጣሉ፣ ለነሱም እቆርጥላቸዋለሁ።»

እኚህ አሮጊት በኔ ውሸት ከቤታቸው ሲወጡ ታየኝ።

«ጤና አዳም አይደለም!» ብዬ ጮህኩ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«ሀሺሽ ነው።»



አንዷ አማተበች። አንዷ የቆረሰችውን ዳቦ መልሳ አስቀመጠች፣ ዳቦው ምን አደረገ? እናቴ ደግሞ ምን ብትል ጥሩ ነው?

«ጠበል አጠጥቼዋለሁ እኮ!»

እኔ አፈሩ ለምን ውሃ እንደበዛበት ግራ ገብቶኝ ስመራመር፣ እሷ ከቤተ ክርስቲያን በጀሪካን ያመጣችውን ጠበል ጠዋት ጠዋት ታጠጣዋለች። ለምን? «ይሄ እንኳን ይሳካላት» ብላ።

ልስቅ ነበር። አለቀስኩ።

አባ አልተቆጡም፣ በተቆጡ ይሻል ነበር። «በይ ተነሺ፣ መጀመሪያ የእማማ ዘነቡ ከመስኮት ይነሳ» አሉኝ።

ሦስታችንም አውቶቡስ ተሳፈርን። እናቴ ከእማማ ዘነቡ ጋር ከፊቴ ተቀመጠች፣ እስክንወርድ አንዴም አልዞረችም። ባተርሲ ስንደርስ ቅርንጫፏ ከኔው ተክል አምራ ጠበቀችን። ነቀልኳት። እማማ ዘነቡ ባዶውን መስኮት ሲያዩ ቆዩና «ጠዋት ጠዋት እንዴት አደርሽ እላት ነበር» አሉ።

ሞትኩ።

ቤት ስንመለስ የኔንም እናቴ እያየች በገዛ እጄ ነቀልኩት። ስድብ ጠበቅኩ። ጥፊም ቢሆን እቀበል ነበር።

«ለሰው ሁሉ ተናግሬ ነበር እኮ» አለችኝ። «የልጄ እጅ ያበቅላል ብዬ።»

ይኸው ነው። ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ስላሳፈርኳት እንዴት እንደሚቆጨኝ በሩን እያንኳኳሁ ነገርኳት፣ አልከፈተችም።

አሁን ፖቱን አጥቤ ኩሽና ቁጭ ብያለሁ። እስቲ ከናንተ መሃል እርጥብ ግድግዳ ያለው ቤት ውስጥ ጎመን ያበቀለ ሰው አለ? በእናታችሁ፣ ከምሬ ነው! ለሁለት መስኮት የሚበቃ ዘር እፈልጋለሁ።