ወደ ሱዳን ያልገባው ሞተር ከሱዳን ያልወጣበት ዜና

ይህ የተጻፈው ታከለ በሞተር ላይ በተቀመጡ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ሰሊጡ ባማረበት ቤንዚኑም በጠፋበት መከር የሆነውን ነገር ሰው እንዳይረሳው ነው። ታከለም ማለት ከሽንፋ መንገድ ዳር ያለችው መንደር ልጅ፣ መስፍነ ጎማ፣ የአቧራ አባት፣ የዋልካ ጭቃ ባላጋራ፣ ዶሮ በታኝ፣ ዳገት ሲሆን ወርደው የሚገፉ፣ ቁልቁለት ሲሆን የሚፎክሩ ጌታ ናቸው።

ሞተሩ ግን አስቀድሞ የእርሳቸው አልነበረም። የታላቅ ወንድማቸው የሃይለማርያም ነበር። ሃይለማርያም ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ሱዳን ወርዶ መፋዛ ላይ ወባ ገደለው፤ ረሃድ ከሚባል ወንዝ ዳር ተቀበረ፤ ጓደኞቹም ሞተሩን ለእናቱ አመጡ። እናቱ ወይዘሮ ዙፋን ያንን ሞተር ከቤት አስገብተው፣ የልጃቸውን ጋቢ አልብሰው፣ እንግዳ እንዳይነካው ከልክለው፣ አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ይጠርጉለት ነበር። ታከለ በሞተሩ ላይ የተቀመጡት ከሙት ዓመቱ በኋላ ነው፤ የተቀመጡትም ማንም ሳይቀባቸው ነው።

እርሳቸውም በተራቸው ለአጨዳ ሊወርዱ በተነሡ ጊዜ፣ ወይዘሮ ዙፋን ጋቢውን ከሞተሩ ላይ ገፍፈው፣ አጣጥፈው፣ ሞተሩ ይቆምበት ከነበረው ስፍራ አኑረው፣ በደጃፋቸው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «አንተ ልጅ፣ ከወንድምህ የቀረኝ ይኸ ነው። ጠፋ፣ ተሰበረ፣ ተወሰደ እያልህ ብትመጣ ደጄን አታያትም። ሰምተሃል።» ታከለም ሰምተዋል።

ወእምዝ ታከለ ወደ ምድረ ሱዳን ዘመቱ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ ከጀርባቸው የተለጠፈ አገኘሁ፣ የፓምፕ በጅሮንድ፤ ከአገኘሁ በስተኋላ ኮርቻ አልቆበት አየር ላይ የተቀመጠ አብዱ፣ የጀሪካን አጋፋሪ፤ ከመሪው ላይ የታሰሩ ማጭዶች፤ በጎን የተንጠለጠለ የሽሮ ከረጢት፤ በመጨረሻም የመንደሩ ውሾች በሙሉ እስከ ወንዙ ድረስ። ከወንዙ ዳር ውሾቹ አሰቡበትና ተመለሱ።

በትልቁ በር ግን አልገቡም። በኬላው ተሰልፎ ለሞተር የመግቢያ ወረቀት መለመን የተራ ሰው ሥራ ነው ብለው፣ ፍየል በሚሄድበት የጎን መንገድ ሾልከው ገቡ። ይህንንም እንደ ታላቅ ድል ቆጥረው በባሱንዳ የሰሊጥ ማሳ ሁሉ እየዞሩ አወሩት፤ አጫጆቹም ምሳቸውን እስኪጨርሱ ሰሟቸው። «ኬላ የሚያስቆመው የሚቆመውን ነው» ብለውም አወጁ። ይህ አዋጅ በኋላ አልተደገመም።

ወኮነ እምዝ፣ አጨዳው ባለቀ ጊዜ፣ ታከለ ከነጭፍሮቻቸው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ያ የፍየል መንገድ ወታደር ሰፍሮበት አገኙት። ፍየሎቹ እንኳ አቅጣጫ ለውጠዋል። ስለዚህ ታከለ ሳይወዱ በትልቁ በር ቀረቡ። በዚያም አንድ የኬላ ሹም በጠፍር አልጋ ላይ ተጋድሞ ነበር፤ ሞተሩን አየ፤ የገባበትን ወረቀት ጠየቀ፤ እንደሌለም በተረዳ ጊዜ፣ ከተጋደመበት ቀና ሳይል እንዲህ ሲል ፈረደ፦ «ያ ዞል፣ ወረጋ ማፊ፣ ኹሩጅ ማፊ። ወረቀት ከሌለ መውጫ የለም። ይኸ ሞተር ሱዳን አልገባም። ያልገባ ነገር ደግሞ አይወጣም። አንተ ግን ሰው ነህ፣ በሰላም እለፍ።» ታከለም እጅግ ተሟገቱ፤ ሞተሩን በጣታቸው ነክተው እነሆ አለ አሉ፤ ጥሩንባውንም ነፍተው አሰሙ። ሹሙም አየሁት፣ ሰማሁትም፣ ነገር ግን አልገባም አለ።

ወካዕበ በማግስቱ በሌላ ጥበብ መጡ። ሞተሩን በአህያ ጋሪ ላይ አስተኝተው፣ የሰሊጥ ገለባ ከምረውበት፣ አብዱን የአህያው ነጂ፣ አገኘሁን የገለባው ነጋዴ አድርገው፣ እርሳቸው ከክምሩ አናት እንደ ንጉሥ ተደላድለው ወጡ። የተደላደሉትም በጥሩንባው ላይ ነበር፤ ቁልፉንም ከሞተሩ አልነቀሉም ነበር። ከኬላው ፊት ሲደርሱ ገለባው ጮኸ። ታከለ ደንግጠው ሊያፍኑት በሙሉ ክብደታቸው ቢጫኑት አብዝቶ ጮኸ፤ አህያውም አብሮ ጮኸ። ሹሙ ከጠፍር አልጋው እስኪወድቅ ሳቀ፤ ሦስቱንም ሻይ አጠጣቸው፤ ፍርዱን ግን አላነሣም።

በዚያ ቀን የፓምፑ በጅሮንድ አገኘሁ በጭፍራው ስም እንዲህ ሲል አወጀ፦ «ጌታዬ ታከለ፣ ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ ሞተሩን ትተን እንግባ፣ ወይ አንተን ከሞተሩ ጋር ትተን እንግባ። እኔና አብዱ ሁለተኛው አይከፋንም።» ታከለም የእናታቸው ቃል በጆሯቸው እያቃጨለ፣ ዞረው ሞተሩን እየገፉ ከሱዳን ከተማ ከዶካ ገቡ።

በዶካ ገበያ ሻይ የምትሸጥ ሰዓዲያ የምትባል ሴት ነበረች፤ ሃይለማርያምንም በደኅናው ቀን ታውቀው ነበር። ሞተሩን ባየች ጊዜ ብርጭቆ ማጠቧን ትታ ቆመች። ታከለ ከገለባ ዳሷ ሥር አቆሙት፤ እርሷም በገበያተኛው ፊት ቃሏን ሰጠች፦ «ይኸ አማና ነው፣ አደራ። አማና የበላ አይጠረቃም። አልነዳውም፣ አላስነካውም። ልብስ ግን አሰጣበታለሁ፤ ዶሮዬም ብትወጣበት አልከለክላትም፣ እሷ ማንንም አትሰማም። አንተ የሃይለማርያም ወንድም፣ በል ሂድ፤ እናትህን አታስጠብቅ።» ታከለም ጎንበስ ብለው የሞተሩን መብራት ሳሙ። ገበያተኛው ፊቱን አዞረላቸው፤ የሚስቅበት ነበርና። ቁልፉንም፣ ቁልፉ በእጅ ያለ ነገር ጠፋ አይባልም ብለው፣ ከማተባቸው ጋር አሰሩት።

ከዚያም በጭነት መኪና፣ በከረጢት ላይ፣ በሌላ ሰው አቧራ ተሸፍነው ተመለሱ። ጭፍሮቻቸውም ከመተማ ገበያ ሲደርሱ ሥራ አለን ብለው ተሰወሩ፤ የወይዘሮ ዙፋንን እጅ ያውቃሉና። መንደራቸውም በታየች ጊዜ፣ ኬላ ያልፈሩት ጌታ የእናታቸውን ደጅ ፈሩ። በሌላ በኩል ዞረው ወደ ሰፈሩ ሽማግሌዎች ሄዱና ጉልበታቸውን ይዘው እንዲህ አሉ፦ «አባቶቼ፣ ለእናቴ የሚነገር ክፉ ነገር አለኝ። ሞተሩ ቀርቷል። እኔ አፍ የለኝም፤ እናንተ በወጉ ንገሩልኝ።»

ሽማግሌዎቹም ለክፉ ነገር የሚያውቁት ወግ አንድ ብቻ ነው።

ጎሕ ሲቀድ፣ እሳት ሳይነድ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ከወይዘሮ ዙፋን ግቢ ገብተው ዝም ብለው ተደርድረው ቆሙ። ለሃይለማርያም መርዶም የቆሙት እንዲሁ ነበር፤ በዚያው ስፍራ፣ በዚያው ሰዓት። ወይዘሮ ዙፋን በሩን ከፈቱ። አዩ። ምንም አልጠየቁም፤ ጮኹ።

መንደሩም ነቅሎ መጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጩኸቱ መካከል ኧረ ሞተሩ ነው፣ ሞተሩ ነው ቢል፣ ሕዝቡ የገደለው ሞተሩ ነው ማለቱ ነው ብሎ አብዝቶ አለቀሰ፤ የታከለን አነዳድ ያየ ሁሉ ይህንኑ ሲጠብቅ ኖሯልና ማንም አልተጠራጠረም። ዳስ ተጣለ፤ ንፍሮ ተጣደ።

ታከለ በዚያ ሰዓት የእናታቸውን ቁጣ ልክ ሊያዳምጡ ከእሾህ አጥሩ ጀርባ ተቀምጠው ነበር። የሰሙት ግን የገዛ ልቅሷቸውን ነው። በመጀመሪያ ክው አሉ፤ ሊነሡም ቃጡ። ነገር ግን አልቃሿ አሰፋሽ መግጠም ጀመረች፤ ደግ ነበር አለች፣ ለጋስ ነበር አለች፣ የወጣ የወረደውን አፈናጣጭ ነበር አለች፤ በመንገድ እጃቸውን ዘርግተው ከታከለ አቧራ ብቻ ያገኙ ሁሉ ስለ ለጋስነታቸው ደረታቸውን መቱ። ታከለም ነገሩን አመዛዝነው እውነት ሆኖ አገኙት፤ ምስጋና ሳያልቅ ብቅ ማለት ነውር ነው ብለውም ጥቂት ቆዩ።

ወእምዝ ወይዘሮ ዙፋን እጃቸውን አንሥተው አልቃሿን ዝም አሰኟት። የተናገሩትም ለታከለ አልነበረም፤ ለሃይለማርያም ነበር። «አንተስ ሞተርህን ላክህልኝ። ይኸው ጋቢህን አልብሼ አኖርሁት። እሱ ምን ላከልኝ። እንግዲህ ጋቢውን ምኑን ላልብሰው» አሉ።

ያን ጊዜ ታከለ በር መኖሩን ረሱ። በእሾሁ መካከል ገቡ፤ የሸሚዛቸውም እኩሌታ አጥሩ ላይ ቀረ። ሴቶቹ አማተቡ፤ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ይመልሱት ወይስ እንደ ተዘቀዘቀ ይቆይ እያሉ ተያዩ። ታከለም በሕዝቡ ፊት ደማቸው እየነጠበ ቆመው፣ ከማተባቸው ላይ ቁልፉን ይዘው፣ «እምዬ፣ ሞተሩን ሰው አገር ትቼው መጣሁ» አሉ። ይህ ከአዋጆቻቸው ሁሉ አጭሩ ነው።

ወይዘሮ ዙፋን ቀረቡ። የልጃቸውን ራስ ዳሰሱ፤ ጆሮውን ዳሰሱ፤ ትከሻውን ጨበጡ፤ ቀጥሎም መንደሩ ሁሉ የሰማውን ጥፊ አቀመሱት። ከዚያም ዞረው አወጁ፦ «ያልሰማችሁ ስሙ። ያኔ ሞተሩ መጣ፣ ልጄ ቀረ። ዛሬ ልጄ መጣ፣ ሞተሩ ይቅር። ንፍሮው በስሏል፣ ቁጭ በሉና ብሉ። አንቺም አሰፋሽ፣ ጉሮሮሽን ከከፈትሽ አይቀር ለሞተሩ አልቅሺለት።» አሰፋሽም ሥራዋን የምታከብር ሴት ናትና ድምጿን ሳትለውጥ ገጠመች፦

ሳር አትግጥ ነገር፣ ገብስ አትቅም ነገር፣
ምን ጣፍጦህ ቀረህ፣ እንዲህ በሰው አገር።

ሰውም እየሳቀ አለቀሰ። ወይዘሮ ዙፋን ግን ወደ ቤት ገብተው፣ ከሞተሩ ባዶ ስፍራ የተጣጠፈውን ጋቢ አንሥተው፣ በተቀደደው ሸሚዝ ላይ ደረቡለት።

ሌሎች ጌቶች ከዘመቱበት አገር ቆርሰው ይመለሳሉ፤ ታከለ ግን ከራሳቸው ቆርሰው ለዘመቱበት አገር ጨምረው ተመለሱ። ሞተሩም እስከ ዛሬ በዶካ ነግሦ አለ፤ በመሪው ላይ የሰዓዲያ ልብስ ይውለበለባል፤ በኮርቻው ላይ ዶሮዋ ጫጩት ትፈለፍላለች። እነሆ ምስጋና ይድረስ ለታከለ፣ ለመስፍነ ጎማ፣ ያልገባውን ሞተር ላላወጡት፣ በቁማቸው ለተለቀሰላቸው፣ የገዛ ንፍሯቸውን ቆርጥመው ለጨረሱት፣ የሞተሩን ጋቢ ለወረሱት። ወይዘሮ ዙፋንም ከዚያ ወዲህ በመንገዱ ላይ ሞተር ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም፤ የሚጠብቁት ከቤታቸው ነውና።