ወደ ማንም የማያዘነብል ጣራ

እኛ ሰፈር ጠብ አይፈታም፤ ይሸመገላል። የሁለቱን ልዩነት የማያውቅ ሰው ካለ እኔ ዘንድ ይምጣ። ጠብ ሲፈታ አንዱ ያሸንፋል፣ ሌላው አኩርፎ ቤቱ ይገባል፣ ከወር በኋላም ይረሳዋል። ሲሸመገል ግን አሸናፊ የለ፣ ተሸናፊ የለ፤ ሁሉም ተሳስሞ፣ ዳቦ ቆርሶ፣ ተመራርቆ ይለያያል፤ ጠቡ ብቻ የተቀመጠበት ቦታ ላይ እንደተቀመጠ ይቀራል። እኔ እንዲህ ያለ ጠብ ሥር አርባ ዓመት ኖሬያለሁ። ሥር ስላችሁ ለወሬ ማሳመሪያ አይደለም። ስለ ጣራችን ነው የማወራችሁ።

ቤታችን ከፒያሳ ወደ ዶሮ ማነቂያ ወረድ ሲባል፣ ከፈረሳው በተረፈች አንዲት ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከዋናው ቤት ጀርባ አንዲት ክፍል ቀጠለ። ቅጥያዋ በስተቀኝ የእትዬ አስካለን የጭቃ ግድግዳ፣ በስተግራ የሐጂ ነስሩን የእህል መጋዘን፣ ከኋላዋ ደግሞ ከእሷ የሚረዝም የድንጋይ አጥር ተደግፋ ቆመች። ግድግዳው እስኪቆም ሰላም ነበር። ጣራ ላይ ሲደረስ እትዬ አስካለ “ውሃው በእኔ በኩል ከወረደ ግድግዳዬ ይናዳል” አሉ። ያኔ ገና ሐጂ ያልሆኑት ነስሩም “በእኔ በኩል ከወረደ እህሌ ከረጢቱ ውስጥ ይበቅላል” አሉ። አሸንዳ ይደረግለት ትሉኝ ይሆናል። አሸንዳም መጨረሻ አለው፤ መጨረሻው ደግሞ የሰው ደጅ ነው። ሽማግሌዎች ሦስት እሁድ ተቀመጡና ጣራው ወደ ማንም እንዳያዘነብል ፈረዱ። እንግዲህ ጣራችን ጠፍጣፋ የሆነው በመሐንዲስ እጅ ሳይሆን በሽማግሌ አፍ ነው።

ታዲያ ውሃው የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ውሃው ሽማግሌ አልላከማ። ወደ ቀኝም ወደ ግራም እንዳይሄድ ሲከለከል ወደ ታች መጣ። ሬንጅ ቀባንበት፣ ሸራ አለበስነው፣ ሸራው እንዳይበር ድንጋይና ያረጀ ጎማ ጫንንበት። ጎማው ራሱ ውሃ ያቁር ጀመር። ወጣትነቴን ያሳለፍኩት እዚያች ክፍል ውስጥ ስለሆነ ዛሬም ሰማይ ሲያጉረመርም እጄ አልጋ ለመግፋት ይዘረጋል።

ዘንድሮ ልጄ ሜሮን አረገዘች። የመጀመሪያዋ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ሲወለድ ደግሞ አራሷ እናቷ ቤት መሆን አለባት፤ ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው ባላውቅም ባለቤቴ አልማዝ እንደምታስፈጽመው አውቃለሁ። ክፉ ዕድል ሆኖ የሜሮን አማት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የሚኖሩት። ከበላያቸው ሰው እንጂ ሰማይ የለም። አንድ ቀን ደውለው፣ በጣም በትሕትና፣ “እኛም ጋ ክፍል አለ፤ ደረቅ ነው” አሉ። አልማዝ ያችን “ደረቅ” የምትል ቃል ለሳምንት ሙሉ ስታላምጣት ሰነበተች። በስምንተኛው ቀን “ልጄ የሰው ቤት አራስ ከሆነች፣ አንተም ትራስህን ይዘህ እዚያው ትሄዳለህ” አለችኝ።

ሊፈርስ ይችላል በሚባል ሰፈር ጣራ ትቀይራለህ ወይ ያለኝ ሰው ብዙ ነው። መልሴ አጭር ነበር፤ ከማፍረሻው በፊት አልማዝ ትደርስብኛለች። የወረዳውን ፈቃድ እንዴት እንዳገኘሁ ግን አልነግራችሁም፤ ደም ግፊት ያለባችሁ ትኖራላችሁ።

አናጢ ደምሴን ጠራሁ። ደምሴ ሲለካ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን፣ ሲናገር ሁለቱንም የሚከፍት ሰው ነው። አሮጌውን ቆርቆሮ በአንድ ቀን አወረደውና ከላይ ሆኖ “ጋሼ፣ ይሄ ጣራ አልነበረም፣ ገንዳ ነው። አዲሱን ወደ አንድ ወገን አዘነብለዋለሁ” አለኝ። ድምፁ ገና ግቢው ውስጥ ሳይበርድ እትዬ አስካለ በቀኝ፣ ሐጂ ነስሩ በግራ ብቅ አሉ። የተናገሩት የዛሬ አርባ ዓመት የተናገሩትን ነው። ልዩነቱ አሁን ሁለቱም ምርኩዝ መያዛቸው ብቻ ነው።

እሁድ ዕለት ሽማግሌ ተቀመጠ። የተቀመጠውም እዚያችው ጣራ አልባ ክፍል ውስጥ፣ ሰማይ በቀጥታ እየሰማን ነው። የሰበሰቡን የእድራችን ዳኛ አቶ ክፍሌ ናቸው። አቶ ክፍሌ ነገር ሲጀምሩ ከአዳም ስለሚነሱ ጣራ ላይ የደረሱት ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው። ደርሰውም “አባቶቻችን በስምምነት የሠሩትን እኛ በቆርቆሮ አናፍርስ” አሉ። ሁሉም አንገቱን ነቀነቀ። አልዋሻችሁም፣ እኔም ነቀነቅኩ።

ሜሮን በር ላይ ቆማ ስትሰማ ነበር። ወሯ ገብቶ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛለች። “አባዬ፣ አታስቸግሯቸው” አለች ቀስ ብላ። “እኔ አማቴ ጋ እሄዳለሁ።” ቁጣ የለበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

እትዬ አስካለ ልጅ የላቸውም። ሜሮን ሕፃን ሳለች ገላዋን ያጠቧት እሳቸው ናቸው፤ ለዘንድሮው ገንፎ የገብስ ዱቄቱንም የለጋ ቅቤውንም ካዘጋጁ ሁለት ወር ሆኗቸዋል። ጉልበታቸውን አሹ፤ ሦስተኛውን ፎቅ በሐሳባቸው ወጥተው የወረዱ ይመስለኛል። ከዚያ ተነሡና “ውሃው በእኔ በኩል ይውረድ” አሉ።

ሐጂ ነስሩም ሜሮንን ባንኮኒያቸው ላይ አስቀምጠው በከረሜላ ያሳደጓት ሰው ናቸው። “ወላሂ አይሆንም” አሉ። “የእርስዎ ግድግዳ ጭቃ ነው። በእኔ በኩል ነው የሚወርደው።”

“በሞቴ፣ ሐጂ፣ በእኔ በኩል።”

“እትዬ፣ እርስዎ አይሙቱ። በእኔ በኩል።”

ሁለት ጨዋ ሰዎች በር ላይ “ይቅደሙ፣ ኧረ እርስዎ ይቅደሙ” እየተባባሉ ዝናብ ሲደበድባቸው አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ያ ነው የሆነው። እትዬ አስካለ “ድሃ ናት ብለው ንቀውኝ ነው” ብለው ዕንባቸው መጣ። ሐጂም “ለልጅቷ ባዕድ ልታደርጉኝ ነው ወይ?” ብለው ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ። አርባ ዓመት ሙሉ ውሃውን አልቀበልም ሲሉ እንዲህ ተጣልተው አያውቁም። አቶ ክፍሌ ላባቸውን ጠረጉ፣ ከሌሎቹ ሽማግሌዎች ጋር ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ፣ ተመልሰውም ውሳኔውን አሰሙ። ከሁለቱ አንዳቸውም ቅር እንዳይላቸው ጣራው ወደ ማንም አያዘንብል። ተሳሳምን፣ ዳቦ ተቆረሰ፣ ተመረቅን።

ሰኞ ጠዋት ደምሴ መዶሻውን ይዞ ጠበቀኝ። “ጋሼ፣ ጠፍጣፋ ከሆነ አራሷ ላይ ያፈሳል፣ እኔ አላደርገውም። አንድ ጣት ያህል ላዘንብለው፤ ከታች ለሚያየው አይታወቅም። ወደ ማን ይሁን?”

ወደ አንዳቸው ባደርገው ሌላኛቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው እንደሚያኮርፉ አውቃለሁ። ገና ያላየሁትን ልጅ አሰብኩ፤ ግንባሩ ላይ ጠብታ ሲወርድ ታየኝ።

“ወደ እኔ” አልኩት።

“ወደ ዋናው ቤት? ግድግዳው ጋ ሲደርስ እኮ ወደ ውስጥ ይገባል። የማን መኝታ ነው?”

“የእኔ።”

ደምሴ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየኝና ሥራውን ጀመረ። አቶ ክፍሌ በሳምንቱ መጥተው ጣራውን አንጋጠው አዩት፤ ፍርዳቸውን እንዲህ ቀጥ ብሎ ስላዩት ራሳቸውን አመሰገኑ።

ሐምሌ ገባ። ሜሮን ሴት ልጅ ወለደች። ቅጥያዋ ውስጥ ጠብ የሚል ነገር የለም፤ አማቷ መጥተው ኮርኒሱን በዓይናቸው ዳሰው፣ ምንም አጥተው ሄዱ፣ የአልማዝም ዕድሜ በአምስት ዓመት አነሰ። አልማዝ አራሷ ጋ ስለምትተኛ ትልቁ አልጋ የእኔ ብቻ ነው። የእኔና የውሃው። ሌሊት የረጠበውን ፍራሽ ጠዋት ጠዋት፣ ፀሐይ ብልጭ ስትል፣ ግቢው ውስጥ አሰጣዋለሁ።

በአምስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ወደ ጎን ወሰዱኝና የተቀቀለ ቅጠል በጠርሙስ ሰጡኝ። “ከመኝታ በፊት ነው። አታፍር ታዴ፣ ባሌንም በስተርጅና ይዞት ነበር” አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ነስሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አምስት ኪሎ ጥሩ የፊኛ ሐኪም እንዳለ፣ አብረውኝም እንደሚሄዱ ነገሩኝ። በማግስቱ አልማዝ ሰማች። በሦስተኛው ቀን እድሩ ሰማ፤ አቶ ክፍሌ መንገድ ላይ እጄን ጠበቅ አድርገው ይዘው “አይዞህ” አሉኝ።

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብናገር እሁድ እንደገና ሽማግሌ ይቀመጣል፣ እትዬ አስካለና ሐጂ ነስሩም እንደገና በሞቴ ይባባላሉ። ስለዚህ አፌን ዘጋሁ። ቅጠሉን ጠጣሁት፤ ይመራል። ሐኪሙ ዘንድ ደግሞ ሐጂ ለሐሙስ ቀጠሮ ይዘውልኛል።