«ጣለው!» ምን ማለት ነው?

ራሴን አመመኝ ብትሉ ቅጠል የማያዝላችሁ ሰው አይገኝም፤ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ክስ ተመሠረተ ከተባለ ደግሞ፣ በተለይ በእኛ በዳንግላ፣ ፍርድ የማይሰጥ አይገኝም። ሳይሾም ችሎት የሚያስችል ሕዝብ ነው። ያን ጊዜ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ የነበርሁት እኔ በዚህ የተነሣ ያየሁትን መከራ ማን ይነግርልኛል? ራሴው ልንገራችሁ እንጂ።

ነገሩ የተነሣው ከገበያ ነው። ገበያው ከኖረበት ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ተነሥቶ ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ ይዛወር ተባለ። ሜዳ የሚባለው በበጋ ነው፤ ክረምት ሲገባ ላም ሰምጣ በገመድ የምትጎተትበት ረግረግ ነው። ቦታውን የመረጡት ሹም በበጋ አይተውት ይሆናል፤ ማን ያውቃል? ገበሬው ድንቹንና ነጭ ሽንኩርቱን ጭኖ መጣና ከድሮው ቦታ ቁጭ አለ። ተነሡ ተባለ፤ አልተነሣም። ፖሊስ ዱላ ይዞ ገባ፤ ጆንያ ተረገጠ፤ ድንች ተወረወረ። ድንች ሲያልቅ ምን እንደሚወረወር መቼም አይጠፋችሁም።

በዚህ ትርምስ መካከል ይርጋ የሚባል ፖሊስ ከጓደኞቹ ተነጥሎ ቀረ። ከደብረ ማርቆስ በኩል በቅርቡ የተዛወረ፣ ጢሙ እንኳ በቅጡ ያልወጣ፣ አገውኛ አንዲት ቃል የማያውቅ ልጅ ነው። ከፊቱ አንድ ጎልማሳ ድንጋይ አንሥቶ ቆሟል። ከጎልማሳው ኋላ ደግሞ ታላቅ ወንድሙ አያ ቢተው፣ ባዶ እጁን፣ «ጣለው! ጣለው!» እያለ እየሮጠ ይመጣል። ይርጋ ትእዛዝ ሰጪው ይኸ ነው ብሎ ተኮሰ። አያ ቢተው ጭኑን ይዞ ወደቀ።

ሰውዬው እንደማይሞት ሲታወቅ ይርጋ ተከሰሰና፣ ከዳኛው ቀድሞ የከተማው ችሎት ተከፈተ። ፖሊሱ እንዲተኩስ ሕግ ይፈቅድለት ነበር ወይስ አይፈቅድለትም? ጠቡ ሁሉ በአንዲት ቃል ላይ ሆነ። «ድንጋዩን ጣለው» ነው ወይስ «ፖሊሱን ጣለው»? አማርኛችን እንደሆነ ለሁለቱም አንድ ቃል ሰጥቶ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል።

የእትዬ ጥሩነሽ ጠጅ ቤት ለሁለት ተከፈለ። ጡረተኛው ወታደር ባሻ ደምሴ የይርጋ ወገን ሆኑ። ሞት ከፊቱ የቆመበት ሰው ቁጭ ብሎ ሰዋስው ይተንትን ወይ ባይ ናቸው። ነገረ ፈጁ አቶ ገሠሠ ደግሞ አዲሱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከወጣ ወዲህ መጽሐፉን ከብብታቸው ለይተውት አያውቁም።

«ባሻ፣ ሕጋዊ መከላከል የሚባለው እኮ ሌላ ማምለጫ ሲጠፋ ነው! ደግሞስ ድንጋይ የያዘው ሌላ፣ የተመታው ሌላ! ምላስ መሣሪያ ሆነ እንዴ?» አሉ።

«በጦር ሜዳ ከጠመንጃው ሁሉ የሚከፋው ‹ተኩስ!› የሚለው ምላስ ነው» አሉ ባሻ።

ባሻ ሲናገሩ እውነቱ የባሻ ይመስለኛል፤ አቶ ገሠሠ ሲናገሩ ደግሞ የእርሳቸው። እትዬ ጥሩነሽ ግን «እናንተ ስትፈርዱ ብርሌዬ ተሰብሮ አለቀ» አሉ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ያልተስተባበለው ይህ ብቻ ነበር።

እኔ ዕረፍት አጣሁ። ቁጭ ስል እነሣለሁ፤ ስነሣ ወዴት እንደምሄድ አላውቅም። አያ ቢተው በችሎት በአገውኛ የሚናገረውን ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኛ! በእርሱ አንዲት ቃል ጥይት አምጥታበታለች፤ እኔ ደግሞ አንዲት ቃል ባዛንፍ ወይ ያን ልጅ ያለ አግባብ ወህኒ አወርዳለሁ፣ ወይ የቆሰለውን ሰው ሐሰተኛ አሰኛለሁ። አንድ ቀን ውሻችን ጫማዬን ሲያኝክ ያየች ባለቤቴ «ጣለው!» ብላ ብትጮህበት፣ ክው ብዬ ከበሩ ኋላ ተለጠፍሁ። ምን ሆንህ ብትለኝ «የትኛውን ማለትሽ ነው?» አልኋት። ከዚያ ወዲያ ለጥቂት ቀን በዓይነ ቁራኛ ስታየኝ ሰነበተች።

የቀጠሮው ቀን አያ ቢተው በምርኩዝ ገባ። ዳኛው ማንን ነው ጣለው ያልኸው ብለው ጠየቁት። ድንጋዩን ነው አለ። ዳኛው በዚህ አልለቀቁትም።

«ወንድምህ አገውኛ ተናጋሪ ነው። አንተም እዚህ አስተርጓሚ ይሰጠኝ ብለሃል። ታዲያ ወንድምህን ለመገሠጽ በአማርኛ መጮህ ምን አመጣው? ሰውን ሁሉ ለማነሣሣት አይደለም?»

ባሻ ከኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ ገሠሠ መጽሐፋቸውን ገለጡ፣ መልሰው ከደኑ። አያ ቢተው ይርጋን ትክ ብሎ አየውና ቀስ ብሎ ተናገረ። እኔም ቃል በቃል ወደ አማርኛ መለስሁት።

«ልጁ ፈርቶ ነበር። ጠመንጃው በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በአገውኛ ብጮህ በእርሱ ላይ የምናሤር ይመስለዋል አልሁ። እንዲገባውና እንዳይፈራ ብዬ ነው በአማርኛ የጮህሁት።»

ይርጋ አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ብቻ ይርገበገባል።

ፍርዱ ተነበበ። ፍርሃቱ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን ማፈግፈግ ወይም ወደ ሰማይ መተኮስ እየቻለ ባዶ እጁን የመጣ ሰው ላይ መተኮሱ ከመከላከል መጠን ያለፈ ነው ተባለና ጥቂት ወራት እስራት ተበየነበት። አቶ ገሠሠ «መጠን ያለፈ ነው አላልሁም?» አሉ። ባሻም «ፍርሃቱ እውነተኛ ነው አላልሁም?» አሉ። ሁለቱም ረትተው ወደ ጠጅ ቤት ወረዱ።

ይርጋ ታጅቦ ሲወጣ ከአያ ቢተው ፊት ቆመና «ስለ እግዚአብሔር ይቅር ይበሉኝ በልልኝ» አለኝ። አልሁለት። አያ ቢተው ራሱን እየነቀነቀ፣ ይቅር ብሎታል በልልኝ አለኝ በአገውኛ። ይህን ያህል አማርኛ እንደማያጣ አገር ያወቀው ነገር ነውና፣ ምናለ አንተው ራስህ በአፍህ ብትነግረው አልሁት።

አያ ቢተው ምርኩዙን አስተካከለና ከይርጋ አንድ እርምጃ ራቅ አለ።

«አንተው ንገረው» አለኝ። «እኔ በአማርኛ አንድ ቃል ብናገረው አንድ እግሬን ወሰደብኝ። የቀረችኝ አንዲት ናት።»