ሪባኑ ያልተቆረጠለት ማደሪያ

በአገራችን ሥራ የሚያልቀው ሠርተው ሲጨርሱት ይመስላችኋል? የለም፤ ሥራ የሚያልቀው ሲመረቅ ነው። ድልድይ ተሠርቶ፥ ብረቱ ቀለም ተቀብቶ እያብለጨለጨ፥ ሕዝቡ ልብሱን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ከድልድዩ ሥር በውሃ ውስጥ ሲሻገር አይቻለሁ። ለምን ቢባል ሪባኑ ገና አልተቆረጠም። ቧንቧ ተዘርግቶ አፉ በጨርቅ ታስሮ፥ ሴቶች እንስራ አዝለው በአጠገቡ አልፈው ምንጭ ሲወርዱም አይቻለሁ። ጥማት መታገሥ ይችላል፤ ክቡራን እንግዶች ግን ሳይጠሩ አይታለፉም። እኔ እንደውም ፀሐይ በየማለዳው ያለ ኮሚቴ ፈቃድ መውጣቷ ይገርመኛል።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ ቡታጅራ አስተማሪ ነበርኩ። ከሰሜን ሸዋ ተመድቤ ስመጣ ለአንድ ዓመት ብቻ ብዬ ነበር ጓዜን የሸከፍኩት፤ በርበሬው ይሁን የሰዉ ጨዋታ እንጃ፥ ይዞኝ ቀረ። የማስተምረው ሰባተኛ ክፍል ነው። ሴት ተማሪዎቼ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። የከተማዎቹስ ግድ የለም፤ ደወል ሲደወል ከቤታቸው ቢነሡም ይደርሳሉ። የገጠሮቹ ግን ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው፥ ወንዝ ተሻግረው ነው የሚመጡት። ወንዙ ዳር ደግሞ ሽማግሌ ልኮ ሚስት ከመጠየቅ ይልቅ ቁጥቋጦ ውስጥ መሸመቅ የሚቀናው ጎረምሳ አይጠፋም። ትምህርት ለማግኘት መጀመሪያ ከጠላፊ ማምለጥ የሚያስፈልግበት ትምህርት ቤት እንግዲህ ይህ የኛው ነበር።

ከነዚህ ከገጠሮቹ መካከል ነፊሳ የምትባል ነበረች። ጥያቄውን ሳልጨርስ እጇን የምታወጣ፥ ብትሳሳትም የማታፍር፥ እንደውም የተሳሳተው ጥያቄው ነው ብላ የምትከራከር ዓይነት ልጅ ናት። አባቷ አቶ ሸረፋ ከእንሴኖ ወዲህ ባለ መንደር በርበሬ የሚያለማ ገበሬ ነው። እሱ ራሱ ፊደል አልቆጠረም። ልጁን ግን ነርስ ትሆናለች ብሎ ቆርጦ ነበር። ምክንያቱን አንድ የገበያ ቀን ነገረኝ። የነፊሳ እናት የታመመችው ለወንድ ድሬሰር፥ ለሐኪም ረዳቱ፥ በማይነገር ቦታ ነበርና፥ ክሊኒክ ድረስ ሄዳ፥ ራሴን ነው የሚያመኝ ብላ፥ የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቷት ተመልሳ ሞተች። ይህን ሲነግረኝ አላለቀሰም፤ ጆንያውን እያሰረ ነበር።

እንግዲህ የሴት ተማሪዎች ማደሪያ ይሠራ የሚል ሐሳብ ሲመጣ ከሁሉ በፊት የተነሣው ሸረፋ ነው። የአካባቢው ተወላጅ የሆኑ የመርካቶ ነጋዴዎች ቆርቆሮና አልጋ ላኩ። አልጋው ብረት ነው፤ የላይና የታች ያለው፥ ቡታጅራ አይታው የማታውቀው። ገበሬው ጉልበቱንና ምሰሶውን አመጣ። ሸረፋ ለራሱ ቤት ማደሻ ብሎ ስንት ዘመን የጠበቀውን ባሕር ዛፍ ቆርጦ፥ ተሸክሞ አመጣና አቆመው። የአገሩ ሰው አንድ ነገር ልሥራ ካለ ማንም አያቆመውም፤ መስከረም ላይ የተጀመረው ቤት ኅዳር ሳይገባ አለቀ። እኔም ደስ ብሎኝ ለልጆቹ፥ በሚቀጥለው ሳምንት ትገባላችሁ አልኳቸው። ሰባተኛ ክፍል አስተምራለሁ እንጂ አገሬን አላውቅም ነበር ማለት ነው።

ምክንያቱም የምረቃ ኮሚቴ ተቋቋመ።

ኮሚቴው የተጣላው በቀኑ ላይ ነው። ይህን ጠብ ለመረዳት የአካባቢውን ልማድ ማወቅ ይበቃል፤ ለሥራ ከአገሩ የወጣ ሁሉ በዓመት አንድ ጊዜ የግዱን ይመለሳል፤ ክርስቲያኑ ለመስቀል፥ እስላሙ ለአረፋ። ቆርቆሮ የላኩት ነጋዴዎች፥ መስቀል ገና ማለፉ ስለሆነ ለመጪው መስቀል ጠብቁን አሉ። አልጋ የላኩት፥ አረፋ እያለ እስከ መስቀል ምን አስኬደን አሉ። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር ደግሞ ለሁለቱም የማይቻል መልስ አመጡ፤ የጃንሆይ ልደት ይሁን፥ ሐምሌ። ሐምሌ ትምህርት ዝግ ነው፥ ተማሪም የለም ብዬ ተነሣሁ። ዲሬክተሩ አስበውበት ኖሮ፥ ተማሪ አለመኖሩ ለሥነ ሥርዓቱ ጸጥታ ይጠቅማል አሉኝ።

ከብዙ ሽምግልና በኋላ አረፋ አሸነፈ። ቀኑ የተቀረጸበት እብነ በረድ አዲስ አበባ ታዝዞ መጣ። ሙክት ተገዛ፤ ደረጃው ቀይ ቀለም ተቀባ። አረፋ ሊደርስ ሲል ሪባኑን የሚቆርጡት የአውራጃው ገዥ ለአስቸኳይ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ ተጠርተዋል የሚል መልእክት ደረሰን። ነጋዴዎቹ ሙክቱን በልተው ወደ መርካቶ ተመለሱ። እብነ በረዱ ቀኑ አለፈበት። ኮሚቴው ቆጣቢ ነውና አልጣለውም፤ ጀርባው ንጹሕ መሆኑን አይቶ አስቀመጠው።

እንግዲህ በልግ ገባ። ወንዙ ሞላ። ልጆቹ ከትምህርት ወጥተው ውሃው እስኪጎድል የሚጠብቁት የት ይመስላችኋል? ማደሪያቸው በረንዳ ላይ ቆመው ነው። እዚያም ቢሆን ዘበኛው ከደረጃው ያወርዳቸዋል፤ ቀለሙ ይጨቀያል እያለ። ሰውዬው ክፉ ሆኖ አይደለም። በእጁ ያለው ቁልፍ ነው እንጂ ፈቃድ አይደለም። ልጆቹም ከቆርቆሮው ክፈፍ ሥር ግድግዳውን ተደግፈው በመስኮቱ አልጋዎቹን ያያሉ። ፍራሾቹ ከነላስቲካቸው ናቸው። ነፊሳ አንድ ቀን መስኮቱን በእጅጌዋ ስትጠርግ አይቼ፥ ምን ታያለሽ ብላት፥ የራሷን አልጋ እየመረጠች መሆኑን ነገረችኝ።

በዚያው ሰሞን ከነነፊሳ ጎረቤት መንደር አንዲት ተማሪ ከወንዙ ዳር ተጠለፈች። የማን ቤት እንዳለች ሁሉም ያውቃል፤ ያመለከተ የለም። ሸረፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ በትሩን ይዞ ልጁን ማለዳ ያመጣል፥ ማታ ይወስዳል። በርበሬውን አረም ዋጠው። በመጣ ቁጥር የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቤቱ መቼ ይከፈታል? እኔም በቅርቡ እላለሁ። ኢንሻአላህ ይላል። እሱ ለአላህ የተወውን ነገር እኔ ለኮሚቴ እንደተውኩት ያኔ አልታየኝም።

ሰንብቶ ግን ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ልጆቹ ይደሩበት እንጂ ይመረቅ አላልኩም፤ ምረቃው በቀኑ ይደርሳል ብዬ ለመንኩ። ሊቀ መንበሩ ያዘኑልኝ መሰሉ። ክቡር ገዥው የተተኛበት ቤት መርቁ ሲባሉ ምን እንዲሰማቸው ትፈልጋለህ ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ፥ ሰው ተኝቶበት የተጨማደደ ፍራሽ ለእንግዳ ማሳየት ነውር እንደሆነ ዘርዝረው አስረዱኝ። ሴት ልጅ ወንዝ ዳር ስትጎተት ምን ይባላል ብዬ ብጠይቅ፥ ያ የፖሊስ ጉዳይ ነው አሉ። ተነሥቼ ወጣሁ። ቃለ ጉባኤው ላይ ግን፥ መምህሩ ላሳዩት ተቆርቋሪነት ተመሰገኑ ተብሎ ተጻፈ።

ፋሲካ አልፎ ትምህርት ስንጀምር ነፊሳ አልመጣችም። አንድ ሳምንት ጠብቄ ወደ መንደራቸው ሄድኩ። ሸረፋ በር ላይ ተቀበለኝ፤ ሰላምታውን እስከ መጨረሻው አደረሰ፤ እንድቀመጥም አጎዛ አነጠፈልኝ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፥

«መምህር፥ ወላሂ ቤቱ ቢከፈት አልድራትም ነበር» አለኝ። «ሳትጠለፍብኝ ለጨዋ ሰው ልስጣት ብዬ ነው።»

ልጅቷ ነርስ ልትሆን አልነበረም ወይ አልኩት። አዎ አለ። ከዚህ በላይ አላስጨነቅኩትም። ማን ነኝ ብዬ? በትር ይዤ ወንዙን ያሻገርኳት እኔ ነኝ? ወደ ቤት ልመለስ ስነሣ ነፊሳ ከጓሮ ከእንሰቱ መሐል ብቅ አለች። ያ ጥያቄ ሳይጨረስ የሚወጣው እጇ ነጠላዋን ጨብጧል።

«የላይኛውን አልጋ ነበር የመረጥኩት» አለችኝ። «ለሌላ ልጅ ይሰጥ።»

መንገዱን ሁሉ አለቀስኩ። ወግ ነው ብዬ ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም።

ክቡር ገዥው የመጡት በዓመቱ፥ መስቀል ሲከበር ነው። ስንት ክትፎ ቀረበ! እብነ በረዱ በጀርባው አዲስ ቀን ተቀርጾበት ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። መቀሱ በትራስ ላይ ቀረበ፤ ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። ውስጥ ሲገቡ በየአልጋው ጫፍ ላይ አንድ አንድ ልጃገረድ፥ አዲስ ዩኒፎርም ለብሳ፥ ፍራሹን እንዳታጨማድድ ጥርሷን ነክሳ ተቀምጣለች። ገዥው ደስ አላቸውና አንዷን፥ ከየት ነው የምትመጪው ብለው ጠየቋት። ልጅቷ ውሸት አልተለማመደችም፤ በመስኮቱ አሳየቻቸው። ቤቷ ከአጥሩ ጀርባ ነበር። ኮሚቴው ከከተማው ለቃቅሞ ነው ያስቀመጣቸው። ምን ያድርግ? የገጠሮቹ ግማሹ ቀርተዋል፥ ግማሹ ተድረዋል። ሊቀ መንበሩ ፈጠን ብለው፥ ክቡርነትዎ፥ ምሰሶውን የሰጡትን አባት ላስተዋውቅዎ አሉ።

ሸረፋ ወደ ፊት ተገፋ። ንጹሕ ጋቢ ለብሷል፤ ጠርተውት ነው የመጣው፤ የአገር ሥራ ነውና እምቢ ማለት አልሆነለትም። ገዥው እጁን ጨበጡት። ምሰሶዎቹን ወደ ላይ አንጋጠው አይተው አደነቁ። ከዚያም ለሴት ልጅ ትምህርት እንዲህ የሚያስብ አባት የራሱ ልጅ ሳትኖረው እንደማይቀር ገመቱና፥

«ልጅህስ የትኛው አልጋ ላይ ናት?» አሉት።

ዲሬክተሩ ኮሌታቸውን ያስተካክሉ ጀመር። ሸረፋ ግን አንገቱን ዝቅ አድርጎ፥ ለትልቅ ሰው እንደሚገባው በትሕትና መለሰ።

«እሷማ ጌታዬ፥ ሳይመረቅ የሚገባበት ቤት አግኝታ ገባች።»