የሣር ሶፋ

መቀመጫ ያለው ሰው ስለ መቀመጫው መልክ ይጨነቃል፤ የሌለው ግን ጎኑን የሚያሳርፍበት ካገኘ ተመስገን ይላል። ሶፋ የሚገዛ ሰው አይታችሁ እንደሆን ታውቁታላችሁ፤ ይዳስሳል፣ ይጫናል፣ ቀለሙ አይጥመውም። የእኛ አገር ሰው ለምለም ሣር ካገኘ ሌላ አያምረውም ነበር።

በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ገደማ ቡታጅራ አንድ ሹም ነበሩ። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ክፋት እንኳ ድካም ይጠይቃል። አዲስ አበባ አንድ የፈረንጅ ግቢ ተጋብዘው የሣር ሶፋ አይተው መጡ። አፈር ተቆልሎ፣ መደገፊያና ክንድ ማሳረፊያ ወጥቶለት፣ ከነሥሩ የተነሣ ሣር ለብሶ፣ ውሃ እየጠጣ የሚኖር ሶፋ! ትልቅ እንግዳ ሊመጣባቸው ነበርና «ለእኔም ይሠራልኝ» አሉ።

አፈሩ ከግቢያቸው ተገኘ። ሣሩ ግን ጥቅጥቅ ያለ፣ ሥሩ የተቆላለፈ መሆን አለበት። እንዲህ ያለው ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ የኛ መንደር ጀፎረ ላይ ነው። ጀፎረ በቤቶቻችን መካከል የተዘረጋ ሰፊ የሣር ሜዳ ነው፤ ሠርጉም፣ ሽምግልናውም፣ ለቅሶውም እሱ ላይ ነው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባላል። ጀፎረም አይታረስም። ለካ ይገፈፋል!

ሰኔ ላይ ሠራተኞች አካፋ ይዘው መጥተው የደጃችንን ሣር እንደ በግ ቆዳ ገፈፉት። አባቴ ያኔ ታሞ ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ተደግፎ ወጥቶ እዚያ ሣር ላይ ጋደም ማለት ነበር መድኃኒቱ። ወጣ፣ አየ፣ ተመልሶ ገባ። ከዚያ ወዲያ አልወጣም።

አጎቴ ከድር፣ ከተማ ጨርቅ የምሸጠውን እኔን አስከትሎ ሹሙ ዘንድ ሄደ።

«ጌታዬ፣ ወንድሜ ታሟል። ያ ሣር ማረፊያው ነበር» አለ።

ሹሙ ፈገግ አሉ። «አቶ ከድር፣ ሣር አይደል እንዴ? ይበቅላል!»

«ሣሩስ ይበቅላል፤ ወንድሜ ይጠብቀዋል?»

«እሱን እግዜር ያውቃል» ብለው ሸኙን።

እንግዳው መጡ። የሹሙ ዘበኛ እንደነገረን፣ ሶፋውን በመዳፋቸው ነካ አድርገው እርጥብ መሆኑን ሲያዩ «ወንበር ይምጣልኝ» አሉ።

ሐምሌ ላይ አባቴ ሞተ። ለቀስተኛው ከእንሴኖ ድረስ መጣ። የተገፈፈው ደጅ በዝናቡ ጭቃ ሆኗል፤ ሽማግሌ ሳይቀር ቆሞ ዋለ። ሹሙም መጡ፤ ለቅሶ አይቀሩም። ጫማቸው ጭቃው ውስጥ ሰመጠ።

«እግዜር ያጽናችሁ» አሉና ግራ ቀኝ ተመለከቱ። «ምነው፣ እዚህ ሣር አልነበረም እንዴ?»

ለማሽሟጠጥ አልነበረም። ከልባቸው ረስተውታል።

«ነበር ጌታዬ» አለ አጎቴ፣ አንገቱን እንደደፋ። ከዚያ ወደ ቤት ገብቶ አባቴ የሞተበትን ጅባ፣ የእንሰት ምንጣፉን፣ አወጣና ጭቃው ላይ አነጠፈላቸው።

እኔ በንዴት ጥርሴን ነከስኩ። አጎቴ ግን በጆሮዬ፣ «ተው ልጄ፣ ደጃችን የመጣ እንግዳ ነው» አለኝ።

ሹሙ አመስግነው ተቀመጡ።