ለተዋንያን መልስ የምትሰጠው ማድሎሞ

የዚያ ዓመት ክረምት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሐምሌ ላይ ከባሕር የሚነሳው ነፋስ የአዳራሻችንን ቆርቆሮ ሲደበድብ ይውላል፤ ሰው ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ነበር ቲያትር የሚያየው። እኔ የተዋንያኑን ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ጣቴ ደንዝዞ መርፌው ሲወጋኝ እንኳ አይታወቀኝም። ግን ደስ ይለን ነበር።

በየአዳራሹ ለተዋንያን መልስ የምትሰጥ ሴት አትጠፋም። የእኛዋ ክብርት ማድሎሞ ነበረች። በር ላይ በበርሜል እሳት የበግ ጭንቅላት ቀቅላ ትሸጣለች፤ መጋረጃው ሲከፈት እሳቷን ትታ የፊት ወንበር ላይ ትሰየማለች። "እኔ ዝም ልበል?" ብላ ነው የምትጀምረው። ዝም በይ ያላት ሰው አላየሁም። አንዴ የሞተ ሆኖ የተጋደመውን ተዋናይ፣ "ልጄ፣ መሞትህን አይተናል፤ ተነስ፣ ሲሚንቶው ያሳምምሃል" አለችው።

በዚያ ክረምት ያሳየነው የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ነገር ነው። ያኔ የቤት ፈቃድ በወንድ ስም ነበርና፣ ሴትዮዋ እንዳትባረር የሟቹን ኮት ለብሳ፣ እሱን መስላ ፈቃዱን ወደሚሰጠው ቢሮ ትሄዳለች። ጨካኙን ጸሐፊ የሚጫወተው ምዙኪሲ ነው። ማድሎሞ ሦስት ሳምንት ምግብ ከለከለችው።

"እማማ፣ ቲያትር እኮ ነው።"

"ቤቷን መልስላትና ትበላለህ።"

ሴትዮዋን የሚጫወተው ሉንጊሌ ነበር። ሴት ተብሎ ያደገ ነው፤ እኛም ያኔ "አንቺ" ነበር የምንለው። መጨረሻ ላይ ኮቱን አውልቆ በቀሚስ መቆም ነበረበት። ኮቱን የምቀበለው እኔ ነኝና፣ ቁልፎቹን ሲፈታ ምን ያህል እንደሚዘገይ አውቃለሁ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት አላወልቅም አለ።

"ይሄ ቲያትር አይደለም" አለ ለሰዉ፣ ቀስ ብሎ። "እኔ ወንድ ነኝ።"

የአዳራሹ ሊቀ መንበር አቶ ምባንድላ ብድግ አሉ። "አውልቂ። አለዚያ አንቺም ቡድንሽም ሌላ አዳራሽ ፈልጉ።"

ሰው ሁሉ ወደ ማድሎሞ ዞረ። ሻሿን አጥብቃ አስራ ወጣች።

የሉንጊሌ ፊት አመድ መሰለ። "እሷም?" አለኝ። ኮቱን ትከሻው ላይ አስተካከልኩለት።

እኛ ዘንድ የበግ ጭንቅላት የወንድ ነው። ወንዶች ክብ ሠርተው ቆመው ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ሴት እግርና ጨጓራ ትወስዳለች። ማድሎሞ በዚህ ቀልድ አታውቅም። ምላሱን ልቀምስ ስል እጄን በማንኪያ መትታኛለች። ተከትለናት ስንወጣ ትልቁን ጭንቅላት ፈልጣ፣ ጨው ነስንሳበት ቆማለች።

"ሉንጊሌ፣ ና። ከወንዶቹ ጋር ቁም።"

"ማድሎሞ፣ ይሄ እኮ ወግ ነው" አሉ አቶ ምባንድላ።

"ወጉን ለእኔ ይነግሩኛል? ስንት ዓመት ያበላሁዎ እኔ አይደለሁም? ለወንድ ነው የምሰጠው፣ ለወንድ ሰጠሁ። ካልተስማማዎ እግር አለ፤ ከሴቶቹ ጋር ቆመው ይብሉ።"

ወንዶቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ምዙኪሲ ፈጠን ብሎ ቦታ ለቀቀ። "ግባ ወንድሜ፣ በአንተ ሰበብ እኔም ምሕረት ላግኝ።" አቶ ምባንድላ ሰንጢያቸውን ከኪሳቸው አወጡና ከሉንጊሌ ጎን ገብተው ከጉንጩ ሥጋ ቆረጡ። ስለ አዳራሹ ዳግመኛ አላነሱም።

በሳምንቱ ሉንጊሌ ኮቱን እንደለበሰ ሕዝቡን እጅ ነሳ። ማድሎሞ ከፊት ሆና፣ "ትከሻው ሰፍቶታል፣ ሰፊዋ ምን ትሠራለች?" አለች። አጠበብኩለት።

እውነቱን ለመናገር፣ ያኔ ቲያትር በጀመርን ቁጥር ማድሎሞን ጉንፋን ይያዝልኝ ብዬ እጸልይ ነበር። አሁን የልጅ ልጄ ከተማ ቲያትር ይወስደኛል። ሰዉ ጨዋ ነው፣ ማንም አይናገርም። ተዋናዩ ብቻውን ሲለፋ ያሳዝነኛል።

ማድሎሞ አዳራሹ ከፈረሰ በኋላ ኮፊምቫባ በምትባል ትንሽ ከተማ ታናሽ እህቷ ዘንድ ገባች። የዛሬ ስድስት ዓመት ሰው ሲያያት እዚያው ነበረች፣ ከትምህርት ቤቱ በላይ ሦስተኛው ቤት።